ለውስኪ ነጥብ መስጠት ይቅር

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 «ውስኪ ባይብል» የተባለው የእንግሊዛዊው ጸሐፊ የጂም መሪ ዓመታዊ መመሪያ የዓለምን ምርጥ ውስኪ ይፋ አደረገ። አሸናፊው ያማዛኪ ሸሪ ካስክ 2013 የተባለ የጃፓን ሲንግል ሞልት (በአንድ ማንጠሪያ ቤት ከገብስ ብቅል የሚሠራ ውስኪ) ሲሆን፣ ያገኘው ነጥብ ከመቶ 97.5 ነበር። የውስኪ አገር የምትባለው ስኮትላንድ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ አንድም አላስገባችም። ወሬው ወዲያው ዓለምን አዳረሰ። 100 ፓውንድ አካባቢ ይሸጥ የነበረው ጠርሙስ ከየሱቁ ተጠርጎ አለቀ፤ ጨረታ ላይ ሲወጣም ዋጋው በብዙ እጥፍ ናረ። በዓመቱ የዚያው መጽሐፍ አዲስ እትም ማዕረጉን ለአንድ የካናዳ ውስኪ፣ ለክራውን ሮያል ኖርዘርን ሃርቨስት ራይ ሰጠ። የዚህም ነጥብ 97.5 ነበር።

ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይገባል። ያማዛኪው ከገብስ ብቅል ብቻ ተጠንስሶ፣ በመዳብ ማንጠሪያ ተነጥሮ፣ ሸሪ የተባለ የስፔን ወይን ጠጅ ይዞ በነበረ በርሜል ውስጥ ያረጀ ነው፤ ቀለሙ የጠቆረ፣ ጣዕሙ ወደ ደረቀ ፍራፍሬ የሚያደላ። የካናዳው 90 በመቶው ራይ ከተባለ የስንዴ ዘመድ እህል ይሠራል፤ በአገሩ 30 የካናዳ ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር፤ ምላስ ላይ ቅመም ቅመም ይላል። በእህል አይገናኙም፣ በበርሜል አይገናኙም፣ በዋጋም አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ስለ አንዳቸውም የሚነግረን ነገር የለም።

ጥፋቱ የአንድ ጸሐፊ አይደለም። ዛሬ ስለ ሲንግል ሞልት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር፣ መጽሔቱም ውድድሩም የሱቁ መደርደሪያም፣ አንድ እምነት ይጋራል፦ ልምድ ያለው ቀማሽ አንድን ውስኪ ቀምሶ ጥሩነቱን ከመቶ በስንት ሊገልጸው ይችላል፤ 92 ያገኘውም 88 ካገኘው ይበልጣል። ይህ እምነት ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ሆኖም አይቀርም፤ ጠጪውን ያሳስታል፣ ዋጋን ያዛባል፣ ስለ መጠጡ ማወቅ የሚገባውንም ነገር ይጋርዳል። መቅረት አለበት።

የመቶ ነጥቡ ልማድ ከስኮትላንድ አልመጣም። የወይን ጠጅ ሐያሲው አሜሪካዊ ሮበርት ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1978 የራሱን መጽሔት ማሳተም ሲጀምር፣ የአገሩ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን የፈተና ውጤት ወደ ወይን ጠጅ አዛወረው። አንባቢው ወዲያው ገባው፤ ነጋዴውም ወደደው። እ.ኤ.አ. በ1989 የውስኪና የቢራ ጸሐፊው ማይክል ጃክሰን ስለ ሲንግል ሞልት ባሳተመው መመሪያ እያንዳንዱን ውስኪ ከመቶ ለካ። ጂም መሪ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ መቶውን ለአራት ከፍሎ ለሽታ 25፣ ለጣዕም 25፣ ከተዋጠ በኋላ ለሚቀረው ጣዕም 25፣ ለሚዛን 25 መስጠት ያዘ። በግማሽ ነጥብ ሳይቀር ሲለይ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያነብ ያህል ያሳምናል።

የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይጠየቅ። በ2009 የወጣው የስኮች ውስኪ ደንብ ሲንግል ሞልትን በጠባብ አጥር ውስጥ ያስቀምጠዋል፦ ከውሃና ከገብስ ብቅል፣ በአንድ ማንጠሪያ ቤት፣ በድስት መሰል ማንጠሪያ በየዙሩ የሚነጠር፤ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት ስኮትላንድ ውስጥ የሚያረጅ፤ ሲታሸግ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ የማያንስ። አጥሩ ጠባብ ይሁን እንጂ ውስጡ ሰፊ ነው። ግላስጎው አጠገብ የሚገኘው ኦክንቶሻን ሦስት ጊዜ እያነጠረ ቀለል ያለ፣ ለስለስ ያለ መጠጥ ያወጣል። አይላ በተባለችው የምዕራብ ደሴት ላይ ያሉት ላፍሮይግና አርድቤግ ደግሞ በፒት ጭስ የደረቀ የገብስ ብቅል ይጠቀማሉ፤ ፒት ማለት ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ተከማችቶ የበሰበሰ፣ ተቆርጦ ደርቆ የሚነድ የዕፅዋት ቅሪት ነው። ከጭሱ ፌኖል የተባሉ ውህዶች ብቅሉ ላይ ያርፋሉ፤ በማንጠሪያውም በበርሜሉም አልፈው ብርጭቆ ድረስ ይመጣሉ። ኦክንቶሻንን የቀመሰ ሰው ሎሚና ብስኩት ይሸተዋል። የአይላዎቹን የቀመሰ አዮዲን፣ ሬንጅ፣ የባሕር አረም፣ የሆስፒታል ፋሻ ይሸተዋል።

እነዚህን በአንድ መሰላል ላይ ደርድሮ አንዱ 86፣ ሌላው 91 ነው ማለት ሽሮ ከዶሮ ወጥ በአምስት ነጥብ ያንሳል እንደማለት ነው። በጾም ቀን፣ በሙቀት ቀን፣ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ቤት መልሱ ይለያያል፤ ጥያቄው ራሱ መልስ የለውምና።

ነጥብ ሰጪዎቹ ለዚህ የሚሰጡት መልስ አለ፤ እያንዳንዱን በወገኑ እንመዝነዋለን ይላሉ። ጭሳሙን ከጭሳሙ፣ ለስላሳውን ከለስላሳው ጋር። እንዲህ ከሆነ የአንዱ ወገን 91 ከሌላው ወገን 91 ጋር ምንም ዝምድና የለውም ማለት ነው፤ ታዲያ ለምን በአንድ ዝርዝር ታትመው፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተለጥፈው ይቀርባሉ? ለምንስ ከሁሉም መካከል «የዓመቱ የዓለም ምርጥ» ተብሎ አንድ ይመረጣል?

አንድ ብርጭቆ ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ላፍሮይግ ውሃ ሳይጨምርበት፣ ከበርሜል እንደወጣ የሚያሽገው የ10 ዓመት ውስኪ አለ፤ የአልኮል መጠኑ ከዙር ዙር እየተለያየ ወደ 58 በመቶ ገደማ ነው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ሁለት ጣት ሲቀዳለት መጀመሪያ አፍንጫን የሚመታው አልኮሉ ነው፤ ሽታ ሳይሆን መለብለብ። ቀማሹ አፍንጫውን ትንሽ ራቅ አድርጎ ይጠብቃል። ከደቂቃዎች በኋላ ጭሱ ይለያል፤ ከጭሱ ሥር አዮዲኑ፣ ከአዮዲኑ ሥር ጨው የመሰለ ነገር። ሲቀመስ አፍ ይደነዝዛል። ጥቂት የውሃ ጠብታ ሲገባበት ግን መጠጡ ይገለበጣል፦ ቀደም ሲል ያልነበረ ቫኒላ ብቅ ይላል፤ የአሜሪካ ቡርቦን ውስኪ ይዞ ከነበረው በርሜል የመጣ ነው። ጭሱም መናደፉን ትቶ ይሞቃል። ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ብርጭቆው በእጅ ሙቀት ሲለሰልስ፣ የብቅሉ ጣፋጭነት ፊት ለፊት ይመጣል። ውሃ ደግሞ ሲጨመር ጭሱ ይሳሳል፣ ገብሱ ይቀራል።

ይህ የቀማሽ ቅዠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢዮርን ካርልሶንና ራን ፍሪድማን ጓያኮል የተባለውን ጭሳም ሽታ የሚሰጥ ሞለኪውል በኮምፒውተር ስሌት ተከታትለውት ነበር። የአልኮሉ መጠን ከ45 በመቶ ሲያንስ ጓያኮሉ ወደ ፈሳሹ ገጽ ይወጣል፤ ከ59 በመቶ ሲበልጥ ግን በአልኮል ተከብቦ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ሦስት ጠብታ ውሃ የገባበትና ያልገባበት ብርጭቆ ለአፍንጫ አንድ መጠጥ አይደሉም። ነጥቡ የተሰጠው ለየትኛው ነው? ገና ለተቀዳው፣ ለተቀጠነው ወይስ ለ20ኛው ደቂቃ? የውስኪ ቀላቃዮች ራሳቸው ናሙናውን ወደ 20 በመቶ አቅጥነው ነው የሚያሸቱት፤ ሥራቸው ጉድለት መለየትና በርሜል ማዛመድ ስለሆነ ዘዴው ይስማማቸዋል። ጠጪው ግን በ20 በመቶ አይጠጣም።

ከመጠጡ ወደ ሰውዬው እንምጣ። ሮበርት ሆጅሰን የተባለ ጡረታ የወጣ መምህርና አነስተኛ የወይን ጠጅ አምራች፣ ወይኑ በአንዱ ውድድር ወርቅ አግኝቶ በሌላው ባዶ እጁን ሲመለስ ነገሩ አልዋጥ አለው። ከካሊፎርኒያ ስቴት ፌር የወይን ጠጅ ውድድር አዘጋጆች ጋር ተስማምቶ ከ2005 ጀምሮ አንድ ፈተና ሠራ፦ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳን ወይን በሌሎች መካከል ሸሽጎ ለአንድ ዳኛ ሦስት ጊዜ ማቅረብ። ውጤቱ በ2008 ታተመ። ሦስቱንም ጊዜ በአንድ የሜዳሊያ እርከን ውስጥ ያስቀመጡት ዳኞች 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የገዛ ራሳቸውን ፍርድ መድገም አልቻሉም፤ ያንኑ ወይን አንዴ ነሐስ፣ አንዴ ብር፣ አንዳንዶቹም ወርቅ ብለውታል። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው የታወቁ፣ ተመርጠው የተጋበዙ ቀማሾች ናቸው። የወይን ጠጅ የአልኮል መጠን 13 ወይም 14 በመቶ ገደማ ነው። የውስኪ ዳኛ ከዚያ በሦስት እጥፍ በሚበልጥ ጥንካሬ ብርጭቆ በብርጭቆ እየቀጠለ ምላሱ የበለጠ ይጠነቀቃል ብሎ አፍ ሞልቶ የሚናገር ማን ነው?

ዓይንም ጣልቃ ይገባል። በ2001 በታተመ ጥናት የቦርዶ ተመራማሪዎች 54 የወይን ጠጅ ትምህርት ተማሪዎችን ሰብስበው ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም አቅልመው አቀረቡላቸው። ተማሪዎቹ ሽታውን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ነበር። ይህን ከውስኪ ጋር የሚያያይዘው አንድ የሕግ አንቀጽ አለ፤ የስኮትላንድ ደንብ አምራቾች ቀለም እንዲሆን ካራሜል እንዲጨምሩ ይፈቅዳል። ጥቁር ቡናማ የሆነ ውስኪ ብዙ ዓመት ሸሪ በርሜል ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል፤ ሳይሆንም ይችላል። ዋጋም እንዲሁ ነው። በ2008 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች አንድን ወይን አንዴ 10፣ አንዴ 90 ዶላር ነው እያሉ ለሰዎች ሲያቀምሱ፣ ሰዎቹ ውድ የተባለውን ይበልጥ መውደዳቸውን ከመናገራቸውም በላይ ደስታን የሚመዘግበው የአንጎላቸው ክፍል በውድ ዋጋው ይበልጥ ሲሠራ ታየ። ማለትም ሰዎቹ አልዋሹም። ጠርሙሱን፣ ስሙንና ዕድሜውን አይቶ የሚቀምስ ሐያሲም አይዋሽ ይሆናል፤ ነጥቡ ግን ከብርጭቆው ብቻ አልመጣም።

ለነጥብ የሚቆሙ ሰዎች እዚህ ላይ የጃክሰንን ስም ያነሳሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስለ ሲንግል ሞልት ዓለምን ያስተማረ አንድ ሰው ይጠራ ቢባል በ2007 የሞተው ማይክል ጃክሰን ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ከፍ ያደረገው ቁጥሩ አይደለም። በ1994 ሁለት የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ላፖይንትና ለዣንድር፣ ጃክሰን ስለ 109 ውስኪዎች የጻፈውን ወስደው በስታቲስቲክስ ዘዴ በየዘመዱ አቧደኑት። አቧደናው የቆመው በቃላቱ ላይ ነው፦ ስለ ቀለም፣ ስለ ሽታ፣ ስለ ውፍረት፣ ስለ ጣዕም፣ ስለ ማብቂያው በተጻፉ 68 መግለጫዎች። ሰውዬው ጭሳም፣ ማር ማር የሚል፣ ደረቅ፣ ጨዋማ ብሎ የጻፈው ነገር ተደምሮ የስኮትላንድን ውስኪዎች ዝምድና ለመዘርጋት በቃ። ከነጥቦቹ ግን ማን ከማን በላይ እንደተቀመጠ እንጂ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ ሊወጣ አይችልም። የጃክሰን እውቀት በዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ዓረፍተ ነገሩን አሳጥረው ቁጥሩን አጉልተው ያዙ።

ሌላው ክርክር የጊዜና የገንዘብ ነው፤ ሰው አንድ ጠርሙስ ለመግዛት መጽሐፍ አያነብም፣ ቁጥሩ ይገላግለዋል ይባላል። በዱባይ ወይም በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ቀረጥ ነፃ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለአዲስ አበባ አጎቱ ስጦታ የሚመርጥ ሰው ይታሰብ። አጎቱ ዕድሜ ልኩን የጠጣው ለስለስ ያለ ቅይጥ ውስኪ ነው። ገዢው 93 የሚል ካርድ ያያል፤ ከጎኑ ካለው 87 በላይ ነውና ያነሳዋል። ጠርሙሱ የአይላ ሲሆን፣ አጎት አንድ ጊዜ ተጎንጭተው «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ብለው ከቁም ሳጥን ይከቱታል። ለዚህ ገዢ «ኃይለኛ ጭስ፣ አዮዲን» የሚሉ ሦስት ቃላት በቂ ነበሩ፤ ለማንበብም ከሁለት ሰከንድ አይፈጁም። የቸኮለውን ሰው የጎዳው ቁጥሩ ነው።

ከሁሉም ከበድ ያለው ክርክር ግን ከቡና ነው የሚመጣው፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ቅርብ ነው። ልዩ ጣዕም ያለው ቡና የሚባለው ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ነው። በ2020 «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። ነጥብ ባይኖር ያ ገበሬ ያንን ዋጋ አያገኝም ነበር። ይህ ሐቅ ነው፤ ሊታለፍም አይገባም።

ሆኖም የቡናው ቀማሽ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። እሱ የሚዳኘው አንድን የተወሰነ ምርት፣ በቁጥር የተከማቸ ከረጢት ነው፤ አቆላሉ፣ አፈጫጨቱ፣ የውሃው ሙቀት በወጉ ተወስኖ፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ ከአንዱ ምርት ብዙ ስኒ ተቀድቶ፣ ብዙ ዳኛ ለየብቻው ፈርዶ የሚወጣ ውጤት ነው። ገዢውም ሩቅ አገር ሆኖ ሳያይ ለሚከፍለው ዋጋ መነሻ ይፈልጋል። ነጥቡ ያን ከረጢት ይከተላል፤ ከረጢቱ ሲያልቅ ያበቃል። የውስኪ ነጥብ ግን ስም ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የዛሬ አሥር ዓመት አንድ ሰው አንድ ምሽት የሰጠው 90 ዛሬም ከሌላ በርሜል፣ ከሌላ ዙር በተሞላ ጠርሙስ ላይ ይጠቀሳል። ገንዘቡም ቢሆን ገብስ ላመረተው ገበሬ አይደርስም፤ ጠርሙሱን ቀድሞ ገዝቶ ላስቀመጠው ነጋዴ ነው የሚገባው። ይህም ሆኖ የቡናው ዓለም ራሱ ነገሩን እያጤነ ነው። ዓለም አቀፉ የልዩ ቡና ማኅበር በ2023 ባስተዋወቀው አዲስ የምዘና ዘዴ ቡናው ምን ምን እንደሚል የሚመዘገብበትን ቅጽ፣ ቀማሹ ምን ያህል ወደደው የሚለው ከሚሞላበት ቅጽ ለይቶታል። ለአሥርተ ዓመታት በአንድ ወረቀት ላይ ተደበላልቀው የኖሩ ሁለት ጥያቄዎች ተለያዩ። የውስኪ ሐያሲዎች ቢያንስ ይህን ያህል እንኳ አልሄዱም።

መንገዱ ግን አልጠፋም፤ ስኮትላንድ ውስጥ ነጥብ ሳይሰጡ ስለ ውስኪ በጥንቃቄ መናገር አዲስ ነገር አይደለም። በ1979 የፔንትላንድስ የስኮች ውስኪ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች የጣዕም ክብ አውጥተዋል፤ ቀማሾች ስለ አንድ ሽታ ሲነጋገሩ አንድ ቋንቋ እንዲኖራቸው ነው፣ ማን ይበልጣል ለማለት አይደለም። በ1983 ኤድንበራ ወደብ ሊዝ ላይ የተቋቋመው የስኮች ሞልት ውስኪ ማኅበር የማንጠሪያውን ስም ሳይቀር ከጠርሙሱ ፊት አንስቶ በቁጥር ኮድ ተካው፤ አባላቱ የሚመርጡት በቀማሽ ቡድን የተጻፈ መግለጫ አንብበው ነው። ዴቪድ ዊሻርት የተባለው የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲሺያን ደግሞ በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱን ውስኪ በ12 የጣዕም ዘርፎች ከ0 እስከ 4 መዘነ፦ ጭስ 4፣ ማር 1፣ አበባ 0 እንደማለት። እዚህም ቁጥር አለ። የሚለካው ግን ብርታትን ነው። አራት ጭስ ለሚወድ መልካም ዜና፣ ለማይወድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቁጥሩ ማንንም ትክክል ወይም ስህተት አያደርግም።

ጠጪው ሊጠይቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ነጥቡ ላይ ዓይኑን ስለተከለ ነው ሳይጠይቀው የቀረው። ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ? ካራሜል ተጨምሮበታል? ጀርመን ውስጥ በሚሸጥ ጠርሙስ ላይ ቀለም መጨመሩን መጻፍ ግዴታ ነው፤ ብዙ አገሮች ውስጥ ያው ጠርሙስ ዝም ይላል። በስንት በርሜል፣ በምን ዓይነት በርሜል አረጀ? የዕድሜ ሕጉ ራሱ የሚፈቅደው የትንሹን ዕድሜ መናገር ብቻ ነው። ኮምፓስ ቦክስ የተባለው ድርጅት በ2015 ሁለት ቅይጥ ውስኪዎቹ ከምን ከምን እንደተሠሩ የእያንዳንዱን ክፍል ዕድሜ ሳይቀር ዘርዝሮ ሲያወጣ፣ ሕግ ይጥሳል ተብሎ ዝርዝሩን እንዲያነሳ ተገደደ። ለዚህ ጉዳይ ያኔ የተሰማው የጠጪዎች ቁጣ ለአንድ ውስኪ 89 ወይስ 90 ይገባዋል በሚለው ላይ በየዓመቱ ከሚባክነው ጉልበት ጋር አይወዳደርም። ሚዛን መድፋት የነበረበት ግን ቁጣው ነበር።

በአይላ ደሴት የሚገኘው ብሩክላዲ ከ2016 ጀምሮ ሌላ መላ አግኝቷል። ክላሲክ ላዲ የተባለው ሲንግል ሞልቱ ጠርሙስ ላይ የዙር ኮድ ይታተማል፤ ገዢው ኮዱን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገባ በዚያ ዙር የገቡትን በርሜሎች ብዛትና ዓይነት፣ የተነጠሩበትን ዓመት፣ ገብሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ያነባል። ባለፈው ዓመት የገዛውና ዘንድሮ የገዛው ጠርሙስ ለምን ትንሽ እንደተለያየ ከዚያ ይረዳል፤ ቀጥሎ ምን ዓይነት በርሜል መፈለግ እንዳለበትም ያውቃል።